አመድ መድፊያው ዳር የበቀለው

ጓሮዬ ውስጥ የማላውቀው ነገር ሲበቅል አልወድም። ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ስሙን የማልጠራው ቅጠል ብቅ ካለ ሳያድር እነቅለዋለሁ። ልጆቼ "ደግ አበባ ሊሆን ይችላል እኮ" ይሉኛል። ይሁን። አንድ ጊዜ ሳልነቅል የተውሁት ለዕድሜ ልክ በቅቶኛል።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። ቤታችን ማለዳ የተነሣ ሰው ረፋድ ላይ ደብረ ማርቆስ ገበያ ከሚገባበት ቀበሌ ነበር። ጣሊያን ከተማው ውስጥ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል። ባሌ ከአርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ቤት የቀረነው እኔና አማቴ ብቻ ነን። አማቴ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ክረምት ሲገባ የሚመግል፣ በጋ ሲሆን የሚደርቅ፣ ደርቆም የማይሽር ቁስል ነበረባቸው።

በሰኔ መጨረሻ፣ ጭጋጉ ደጃፍ የቆመች ላም እንኳ በማያሳይበት ቀን፣ ባሌ ድንገት መጣ። ከሄደ ወዲህ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ሲመጣ እለዋለሁ ብዬ ሳጠራቅም ከከረምሁት ነገር አንዱንም አልነገርሁትም፤ ሆዱን ታሞ ነበርና መደቡ ላይ ከተቀመጠበት ይልቅ በጓሮ በር ሲወጣና ሲገባ የዋለበት ይበልጣል። "ምን በልተው ነው?" አልሁት። "ውኃው ነው" አለ ፊቱን አዙሮ። ፌጦ ወቅጬ በጥብጬ አጠጣሁት። ጭጋጉ ሳይገለጥ ተነሥቶ ሄደ።

መምጣቱን የምናውቅ እኔና አማቴ ብቻ ነበርን። ያንን ለሰው መተንፈስ ቤትን በገዛ እጅ ማቃጠል ነው። ከእኛ በላይ ካለው መንደር አንድ ሽማግሌ አርበኛ ልጁን አብልቶ ሸኘ ተብሎ ቤቱ ከነክምሩ ሲነድ ጭሱን ከደጃችን ሆነን አይተናል። ስለዚህ አፋችንን ዘጋን።

ጾመ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው አመድ ልደፋ ወጣሁ። አመድ መድፊያችን ከጓሮው ግድግዳ ሥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጎመኔ፣ ጤና አዳሜና ጌሾዬ አሉ። በአመዱና በግድግዳው መካከል፣ ማንም ምንም ባልዘራበት ቦታ፣ ጠጉራም ግንድ ያለው ነገር ጉልበቴ ድረስ ቆሟል። ክረምቱን ሙሉ አመዱን ከበር ሆኜ ወርወር እያደረግሁ ነበርና አላየሁትም። ቅጠሉ ዳር ዳሩ የተቆራረሰ ነው። ስነካው አንዳች የሚከነክን ሽታ እጄ ላይ ቀረ፤ ጣቴም አረንጓዴ ሆነ፤ ብታጠብም አልለቅ አለኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ብዬ ልነቅለው ጎንበስ ስል አማቴ ከበሩ ላይ ጮኹ።

"ተይው! ምን እንደሆነ ሳታውቂ እጅሽን ምን ያስቀድመዋል?"

"እማማ፣ ስለማላውቀው እኮ ነው የምነቅለው።"

"እግዜር ያበቀለውን? መድኃኒት ቢሆንስ?"

እዚያ ላይ አለቀ። አማቴ ያን ቁስል በስንት ቅጠል አሽተውታል፣ በስንት ጠበል አጥበውታል። ያልሞከሩት ነገር ቢኖር ያላዩት ብቻ ነው። እነሆ ያላዩት ቅጠል እቤታቸው ድረስ መጣላቸው። የአማትን ተስፋ ከነሥሩ የምትነቅል ምራት ደግሞ በእኛ አገር አልተፈጠረችም። ተውሁት።

ወደ ምንጭ የሚወስደው መንገድ በጓሮዬ አጥር ጥግ ያልፋል፤ እሳት ልትጭር የመጣች ሴትም በጓሮ በር ነው የምትገባው። እናም ያላየው ሰው አልነበረም፤ ያየው ሁሉ ደግሞ አወቀው። አንዷ "የዱር ድንች ነው፣ ቆፍሪና አውጪ" አለችኝ። ጎኑን ብቆፍር ሥር እንጂ ድንች የለም። ሌላዋ "እምቧይ ነው" አለች። "እሾኩ የታለ?" ስላት "ገና ልጅ ነው፣ ያወጣል" ብላ ሄደች። ሦስተኛዋ "አስተናግር ነው፤ ከብት ከበላው ያብዳል" ብላ አስደነገጠችኝና ጥጃዬን ስንት ሳምንት ሙሉ ከቤቱ ማዶ ሳስር ከረምሁ። በመስከረም አበባው ወጣ፤ ቢጫ፣ ትንሽ፣ ራሱን የደፋ ነው። የአስተናግር አበባ ነጭ ሆኖ እንደ መለከት የተዘረጋ መሆኑን ሴትዮዋም እኔም እናውቃለን። ይህንኑ ስነግራት "ይሄኛው ሌላ ዓይነት አስተናግር ነው" አለችኝ እንጂ ተሳስቻለሁ አላለችም። አንድ ሰው እንኳ "አላውቀውም" ቢለኝ ጉልበቱን እስመው ነበር።

በመጨረሻ አማቴ ዕፅ ያውቃሉ የሚባሉትን ደብተራ አስጠሩ። ደብተራው ለመስቀል ሰሞን መጡ። ቅጠል ቀጠፉ፣ በመዳፋቸው አሹ፣ አሸተቱ፣ ሰማይ አዩ፣ የአማቴን እግር አዩ።

"መሪጌታ፣ ምንድን ነው?" አልኋቸው።

ዝም።

"ይነቀል ወይስ ይቆይ?"

አሁንም ዝም። አማቴ በክርናቸው ጎሰሙኝ። ደብተራው ጠላቸውን ጠጡ፣ ጽዋቸውን ደፉ፣ ሲወጡ "እስኪያፈራ አይነካ" አሉና ሄዱ።

አማቴ ፊታቸው እንደ ሠርግ ቤት በራ። "አየሽ? ዐውቀውታል" አሉኝ።

"ምንም አላሉም እኮ።"

"ለዚያ ነዋ! መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል። የማያውቁት ቢሆን ይናገሩ ነበር።"

ይህ በአገራችን የታወቀ ነው። መድኃኒት ዐዋቂ የቅጠሉን ስም አይናገርም፤ ሲቆርጥም ከሰው ሳይነጋገር በማለዳ ነው፤ ሊሞት ሲል ለአንድ ልጁ ብቻ ይነግራል። እኔም በዚህ አምኜ ነው ያደግሁት። ግን የማያውቅ ሰውም ዝም እንደሚል አስቤ ነበር። ታዲያ ዝም ያሉ ሰው ዐዋቂ ከሆኑ፣ ዐዋቂና ደንቆሮ በምን ይለያል? ይህን ለአማቴ ብናገር ደብተራውን ደፈረች ልባል ነው። እርር ድብን ብዬ ጎመኔን መኮትኮት ያዝሁ።

ያ ነገር ግን አመዱን እየበላ ወፈረ። ግንዱ መቆም አቅቶት ግድግዳውን ተደገፈ። በጥቅምት አረንጓዴ ፍሬ አንጠለጠለ። ደብተራው ዘንድ ሰው ተላከ፤ "እስኪበስል" አሉ። አማቴ ግን መታገሥ አልቻሉምና ቅጠሉን በድብቅ እየቀጠፉ እግራቸውን ያሻሉ፤ ቁስሉ ይበላቸዋል፤ "እየሠራ ነው" ይላሉ። በኅዳር ፍሬው ቀላ። የጡጫ ግማሽ ያህል ነው፤ ልጣጩ ቅቤ እንደተቀባ ያበራል።

ይህን ጊዜ ነው ጎረቤቴ ያየችው። ጎረቤቴ እንቁላል ነጋዴ ናት፤ በየሳምንቱ ማርቆስ እየሄደች ለጣሊያን ምሽግ ወጥ ቤት ትሸጣለች። ለመንደሩ ጨውና መርፌ ይዛ ስለምትመለስ ማንም ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ከምንጭ ስትመለስ እንስራዋን እንዳዘለች አጥሩ ላይ ቆመችና ሳቀች።

"ውይ፣ ይሄማ ፖሞዶሮ ነው! ጣሊያኖቹ መኮሮኒ ላይ የሚያፈሱት። ምሽጉ ውስጥ ተክለውት ሁሌ አየዋለሁ።"

ዛሬ ልጆቼ ቲማቲም የሚሉት ነው። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ያን ሁሉ ወር ከቆየሁበት ብስጭት የተነሣ ስም ያለው ነገር መሆኑ ብቻ ደስ አሰኘኝ። "ይበላል?" አልኋት።

"እነሱ ይበሉታል" አለች። ከዚያ ፍሬውን ተወችና እኔን አየች፤ ቀጥላ የጓሮውን በር አየች። "ከምሽጉ በቀር እኮ የትም የለም። አንቺ ዘንድ በምን መጣ?"

"ራሱ በቀለ።"

"ራሱ!" አለች። የእንስራዋን ገመድ ጠበቅ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

ምን ልበላት? ከየት እንደመጣ እኔ ራሴ አላውቅም። ባውቅ ኖሮ እዋሻለሁ ወይም እናገራለሁ፤ ለማያውቁት ነገር ግን ውሸት እንኳ አይገኝም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የተባለውን የሰማሁት ከሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ እሳት ልጫር የምትል ጠፋች። ከዚያ ምንጭ ስወርድ ወሬ ይቋረጣል። የማርያም ማኅበር ተራዬ ደርሶ ጽዋው እኔን አልፎ ለሌላ ተሰጠ። ገብሱ ደርሶ ወንፈል ብጠራ፣ አምና የሁሉንም እርሻ ተራ በተራ አብሬ ያጨድሁ ሰው፣ አንድም የመጣልኝ የለም። አንዱ ጋ ለመንገር ብሄድ ሚስቱ ከውስጥ ሆና "ጣሊያንሽ ይጨድልሽ!" አለችኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ባሌ ጫካ እያለ አንድ የምሽግ ሰው እየተመላለሰ ጓሮዬን ተክሎልኛል ማለት ነው።

ገብሱን እኔና ያቺ እግረ ቁስል አሮጊት አጨድነው። እሳቸው ተቀምጠው እየተንፏቀቁ፣ እኔ ወገቤን ይዤ። ያን ቀን ማታ ማጭዴን እንደያዝሁ ወደ አመድ መድፊያው ሄድሁ። አማቴ ቀድመውኝ ከሥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ምርኩዛቸው ጭናቸው ላይ ነው።

"መድኃኒቴን ከቆረጥሽ እኔንም ቁረጪኝ" አሉ።

ደግሞ ማጭዴን እንዳነሣሁ ሌላ ነገር ታሰበኝ። ብቆርጠው "ጉዷን ደበቀች" ሊሉ ነው፤ ብተወው "ምን ታፍራለች" ሊሉ ነው። ማጭዴን ወርውሬ ገባሁና አለቀስሁ። ያለቀስሁት አዝኜ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ደብተራውማ ወሬውን ሲሰሙ "ያን ጊዜ ዝም ያልሁት ለዚህ ነው" አሉ አሉ። አማቴም "አየሽ፣ ዐውቀው ነው የሸሸጉልን" ብለው መረቋቸው።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ከዲማ በኩል የሚዞሩ አንዲት መነኩሲት እህል ሊለምኑ መጡ። ጭብጦ ሰጠኋቸው። ግራ ቀኝ አይተው ዓይናቸውን ጨፈኑና በቃላቸው የያዙትን አደረሱኝ። ከባሌ ነው። "ጓሮሽ ያፈራውን ሰምቻለሁ። መጥቼ በዓይኔ አያለሁ።" ይኸው ነው፤ እንዴት ነሽ የለ፣ እናቴ እንዴት ናት የለ።

"ሲናገር ፊቱ እንዴት ነበር?" አልኋቸው።

"ፊቱን አላየሁም ልጄ፤ ጠመንጃውን ይወለውል ነበር።"

በዚያ ዘመን ከጣሊያን ጋር ገጠመች የተባለች የአርበኛ ሚስት ዳኛ አይቆምላትም። ወደ አባቴ ቤት ልሸሽ አሰብሁ፤ ብሸሽ ግን እውነት ሊሆን ነው። ከሸሸሁ ስሜ ይሞታል፤ ከቆየሁ እኔ። ቆየሁ። ፍርሃቱም ቢሆን ንዴቴን አላጠፋልኝም፤ አንዲት ያልዘራኋት ቅጠል ከምወደው ሰው ጋር ልታገዳድለኝ!

ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ቅዳሜ፣ የመነኩሴ ቆብ ደፍቶ በጓሮ በኩል መጣ። ጠመንጃው በቡሉኮው ሥር ነው። እኔ አመድ መድፊያው ዳር ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ሌላ የት እቆማለሁ? ሰላም አላለኝም። ውርጭ ቅጠሉን አጠውልጎታል፤ ፍሬው ግን አማቴ ገለባ እያለበሱት ቀይ እንደሆነ ተንጠልጥሏል።

"ይሄ ነው?" አለ።

"ይሄ ነው።"

ጠጋ ብሎ አየው። አንዱን ቀጠፈ፣ በአውራ ጣቱ ፈለቀቀው፣ አሸተተው። ፊቱ ተለዋወጠ። ፍሬውን ተወና መሬቱን አየ፤ ከመሬቱ ግድግዳውን፣ ከግድግዳው የጓሮውን በር። ከዚያ የእናቱ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

በሰኔ ከአባይ በሚወጣው መንገድ ላይ የጣሊያን ስንቅ የጫኑ በቅሎዎች ማርከው ኖሯል። በአንደኛዋ ላይ ይህ ቀይ ፍሬ የሞላበት ቅርጫት ነበር። ጓደኞቹ ቀምሰው ተፉት። እሱ ግን እህል ካየ ሰንብቶ ነበርና "ፍሬ ነው" ብሎ ቅርጫቱን ጨረሰው። በማግሥቱ ነው ሆዱን ይዞ እኔ ቤት የመጣው። ጓሮ ሲወጣ፣ በዚያ ጭጋግ፣ ርቆ መሄድ አልቻለም፤ ከአመዱ ጀርባ ነው ሲቀመጥ የዋለው።

አማቴ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባቸው። እግራቸውን አዩ። "ይሄን ነው ሳሻሽ የከረምሁት?" አሉ። ውኃ አምጪልኝ ብለው እስኪመሽ ድረስ እግራቸውን አጠቡ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። "ጠመንጃውን ለማን ነው የያዙት?" አልሁት።

"መንገዱ ክፉ ነው" አለ። ዓይኑን ግን አላነሣም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን፤ ሌላ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

"እንግዲያው ለመንደሩ ይንገሩልኝ" አልሁት።

"አሁን? መምጣቴ ከተሰማ ነገ ቤትሽ አመድ ነው።" እውነቱን ነው። "ጣሊያን ሲወጣ፣ አገር ተሰብስቦ ሳለ እነግራቸዋለሁ" ብሎ በእናቱ ፊት ማለ። "ንቀይው" ብሎኝ ሊሄድ ሲል እምቢ አልሁ። የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች ለቅሜ፣ ዘሩን በጨርቅ ላይ አድርቄ፣ በቅል ከትቼ ከጣራው ማገር ሰቀልሁት። ምስክሬ ያ ዘር ብቻ ነበር።

ጣሊያን ወጣ። ባሌ ጠጉሩን አጎፍሮ ገባ። ግብዣ ተደረገ፤ ተፎከረ። ባሌ ከሚተርከው ሁሉ የበቅሎዎቹ ምርኮ ይወደድ ነበር። ጥይቱን ያወሳል፣ ዱቄቱን ያወሳል፣ በቅሎዎቹን በየጠጉራቸው ያወሳል፤ ቅርጫቱ ጋ ሲደርስ ይዘላል። በሁለተኛው ግብዣ ዘለለ። በሦስተኛውም ዘለለ። ብቻችንን ስንሆን ጠየቅሁት።

"ይሄ ደግሞ ለሰው ይነገራል?" አለኝ። "ለአገሬ ዱር ለዱር የተንከራተትሁ ሰው፣ ተቅማጥ ያዘው ልባል?"

"እኔስ የተባልሁት?"

"ጊዜ ያስረሳዋል።"

ማንን ነው የሚያስረሳው? ማኅበር ስሄድ አሁንም ዳር ነው የምቀመጠው። የእሱ የአንድ ቀን ሆድ ሕመም ከእኔ ስም በልጦ ሲከበር እያየሁ ጠላ ስቀዳ ከረምሁ።

የሰኔ ሚካኤል ዝክር በእኛ ቤት ነበር። ለዝክር የማይመጣ የለምና ቤቱ ሞላ፤ ደብተራው ከላይ፣ እንቁላል ነጋዴዋ ጎረቤቴ ከሴቶቹ መካከል፣ "ጣሊያንሽ ይጨድልሽ" ያለችኝም እዚያው። ባሌ ተረኩን ጀመረ። ጥይቱን ቆጠረ፣ ዱቄቱን ቆጠረ፣ በቅሎዎቹን ጨረሰ። የጠላውን ማድጋ መሬት አስቀመጥሁ።

"ቅርጫቱን ረሱት" አልሁ።

"የቱን ቅርጫት?"

"ቀይ ፍሬ የሞላበትን። ሌሎቹ የተፉትን፣ እርስዎ የጨረሱትን። ከዚያ ጭጋግ በሆነ ቀን እዚህ መጥተው ፌጦ ያጠጣሁዎትን።"

የደብተራው ዋንጫ ወደ አፋቸው ሲሄድ በመንገድ ቀረ። ባሌ ዓይኑን ወደ በሩ ላከ። ከጓዳ በኩል የአማቴ ድምፅ መጣ፦ "ንገራቸው እንጂ! እግሬን ያሸሁበት እኔ እናትህ እያለሁ አንተን ምን አሳፈረህ?"

ተናገረ። መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ፣ ከዚያ ሰው ሲስቅ እሱም እየሳቀ፣ መጨረሻ ላይ ተነሥቶ በጭጋጉ ውስጥ እንዴት እንደሮጠ እያሳየ ተናገረ። የሳቀ ሁሉ እንባውን ጠረገ። ደብተራው "እኔማ ገና ሳሸተው ዐውቄው ነበር" አሉ። ባሌም ከዚያ ወዲህ በየግብዣው ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የሚተርከው ይህንኑ ሆነ።

እኔ ማድጋዬን አንሥቼ እየቀዳሁ ጠበቅሁ። አንዷ "በደልንሽ" ትለኛለች ብዬ። ሁሉም ስመውኝ ወጡ፤ ያንን ቃል ግን ያወጣ የለም።

በማግሥቱ ማለዳ እንቁላል ነጋዴዋ ጎረቤቴ ምንም እንዳልተፈጠረ በጓሮ በር ገባች። እሳት ጫረች። ዓይኗ አመድ መድፊያው ላይ ዞረ።

"የዚያ የፖሞዶሮሽ ዘር ይኖርሻል?" አለችኝ። "አሁን እኮ ማርቆስ የከተማው ሰው ሁሉ እየፈለገው ነው።"

ቀና ብዬ ማገሩ ላይ የተሰቀለውን ቅል አየሁት።

"ከየት እንደሚገኝ ትናንት ሰምተሻል" አልኋት። "ሂጂና ባሌን ለምኚ።"